ዓባይን ስትዘፍኑ ግልገሉን አትዝለሉት

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የግልገል ዓባይ ቃል ግጥሞችና ወጎች ከነቦታቸው እንዲመዘገቡ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ስለ ዓባይ የሚጻፍ ደብዳቤ ሳይበዛባችሁ አይቀርም። ይህኛው ስለ ትንሹ ነው፤ ከሰከላ ደጋ ተነስቶ፣ በሜጫና በአቸፈር መካከል ወርዶ ጣና ስለሚገባው ስለ ግልገል ዓባይ። ከአዲስ አበባ በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ስትመጡ ወተት ዓባይ ላይ በድልድይ ትሻገሩታላችሁ። መኪናው ከመቅጽበት ያልፈዋል፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ወንዝ መሻገሩንም ልብ አይለው።

እኔ በዚያው ወንዝ ዳር ተወልጄ ያደግሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን «ስለ ዓባይ የሚባል ቃል ግጥም ከቤት ጠይቃችሁ አምጡ» እላቸዋለሁ። የሚያመጡልኝ አብዛኛውን ጊዜ ከስልክ የተቀዳ ነው፤ የግድቡ ዘፈን። አልፈርድባቸውም። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ግማሾቹ አልተወለዱም፣ የቀሩትም ጡት አልጣሉም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ደግሞ ጎረምሶች ሆነዋል። በሬዲዮም በሠርግ ቤትም ሲሰሙት የኖሩት ዓባይ ሲገደብ ነው። እኔም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዜ ተቆርጦ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ 5,150 ሜጋ ዋቱም ይሁን፣ ይብራ፤ ከግድቡ ጋር ጠብ የለኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሀገር ሙሉ የሚዘፍንለት ዓባይ ከወተት ዓባይ ድልድይ ሥር የሚያልፈውን ዓባይ ውጦታል። የትንሹ ወንዝ ግጥም በትልቁ ስም ይጠራል፤ ስም ያላገኘው ደግሞ ከባለቤቶቹ ጋር መቃብር እየወረደ ነው።

ግልገል ሲባልስ ለስንቱ ሰው የኛ ወንዝ ትዝ ይለዋል? ግልገል ጊቤ ነው የሚታወሰው፤ ዜና የሆነው እሱ ነዋ።

እስቲ ተረትና ምሳሌያችንን አስቡት። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲል ጉልበተኛ ተንከራታች አድርጎ ይስለዋል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲል ደግሞ የባለጸጋ አባት፣ ግን ልጁን ያልጠቀመ። እነዚህ የትልቁ ናቸው፤ ግድ የለም። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው ግን ሰከላ ሲደርስ ግራ ይጋባል፤ እዚያ ዓባይን ማየትና ምንጭ ማየት አንድ ነውና። ግሽ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህን ተረት ተርቱለትና ፊቱን እዩ።

ግሽን የማታውቁት አይመስለኝም። የሰከላ ወረዳ ከተማ ራሱ ግሽ ዓባይ ይባላል፤ እናንተ ያላችሁበት ባሕር ዳርም ለአንድ ክፍለ ከተማው ስሙን ሰጥቶታል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ብርድ ሀገር ነው። ውሃው ከረግረግ ሣር መካከል ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፍጥረት የኢትዮጵያን ምድር ይከባል ያለውን ግዮንን የኛ ሰው ዓባይ ነው ብሎ ስለሚያምን ምንጩ ከዔደን ጋር የተያያዘ ጸበል ነው። ስንት ሆቴል፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት ማኅበር ግዮን ተብሎ እንደሚጠራ ቁጠሩት። ወደ ምንጩ የሚጠጋ ሰው ግን ከሆቴል ቁርሱን በልቶ አይመጣም። እህል የቀመሰ አይቀርብም፤ ከበላችሁ ተመለሱ ትባላላችሁ፣ ኃላፊም ብትሆኑ።

ጥር 13 የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ነው። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁት አንድ ቅጠል ሳይርስ አስረከባቸው ይባላል። ቢጫ ጀሪካንና የሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ምዕመን ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ አተራረክ ግን ትንሽ ትንሽ ይለያያል። አንዱ ጋ ውሃው ይናገራል፣ ሌላው ጋ ዝም ብሎ ይገፋል። ይህን ልዩነት ማን ጻፈው? የሚጽፈው ሁሉ የሚደግመው አንዱን ብቻ ነው።

ፈረንጆቹ እዚህ ደርሰው ብዙ ጽፈዋል። በራሳቸው አቆጣጠር ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 መጡ፤ ብሩስ የፓኤዝን መቅደም ሳይቀበል ኖረ። የሁለቱ ክርክር አይጥመኝም፤ የግሽ ሰው ምንጩ ጠፍቶት አያውቅም። ከብሩስ ጽሑፍ ግን አንድ ነገር ወድጄለታለሁ። ያን ሁሉ ሀገር አቋርጦ፣ ወባውንና ጦርነቱን አልፎ ምንጩ ላይ ሲደርስ ደስታው ወዲያው በረደ፤ የስኮትላንድ ወንዞች፣ ትዊድ፣ ክላይድና አናን ትዝ አሉት። በውበት ከዓባይ የማያንሱ ሆነው ታዩት። ሰውየው በዓባይ ራስ ላይ ቆሞ የራሱን ወንዝ ናፈቀ። በዚህ እንኳ ወገናችን ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህችን ግጥም የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም፦

ዓባይ ጉደል ብለው አለኝ በታኅሣሥ፣
የማን ሆድ ይችላል እስከዚያ ድረስ።

ዘፋኝ ሁሉ እየተቀባበለ ይላታል፤ አድማጩም እንደ ፍቅር ግነት ይወስዳታል። እኛ ዘንድ ግነት አልነበረባትም። ሰኔ ሲገባ ወንዙ ይደፈርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀይ አፈር ተሸክሞ፣ ዛፍ ነቅሎ፣ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይወርዳል። ድልድዩ ሩቅ ለሆነበት ቀበሌ በነዚያ ወራት ማዶ ሌላ ሀገር ነው። ማዶ የተዳረች ልጅ የእናቷን ቤት ጭስ እያየች እናቷን አታይም። መስከረም ላይ የበሬ ጅራት ይዞ የሚሻገር ደፋር ይገኛል። ጥቅምት ላይ ዋናተኛ ሰው ያሻግራል፤ ዕቃውን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ፣ በሌላው እየቀዘፈ፣ ጥርሱን ነክሶ። ኅዳር ላይ ውሃው ወገብ ላይ ይደርሳል። ታኅሣሥ ላይ ሴቶች ልጅ አዝለው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መልካውን በእግራቸው ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ጥር ነው፤ እህሉ ከአውድማ ገብቷል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ሙሽራና ሚዜ መሻገር ይችላሉ። ስለዚህ «በታኅሣሥ» የሚለው ቃል ቤት ለመምታት ብቻ የገባ አይደለም። ወንዙ ቀጠሮ ሰጠ፤ ቀጠሮውንም ያከብራል። ሰውየው ይህን የተናገረው ነሐሴ ላይ ሆኖ ከሆነ ገና አራት ወር ይጠብቀዋል።

መርዶም አለ። ሞት ውሃ እስኪጎድል አይጠብቅም። ጉሮሮው የጠራ ሰው ከፍ ያለ ቦታ ይፈልግና፣ ነፋሱ ጸጥ በሚልበት ማለዳ፣ ቃሉን እየጎተተ ማዶ ይጣራል። ማዶ ያለው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ ሰምቻለሁ ለማለት ነጠላውን ያውለበልባል። ልጅ ሆኜ ያየሁት አንድ ለቅሶ ነበር። ሟች ማዶ፣ እህቱ ወዲህ። ውሃው አላሳልፍ ሲላት እዚያው ዳር ላይ ነጠላዋን አገልድማ ሙሾ አወረደች፤ ማዶ ያሉት አልቃሾች ተቀበሏት። ሟቹ ብቻ አልነበረም የሚነሳው፤ ወንዙም ተወቀሰ፣ ተለመነ፣ ተሰደበ። ከስንኙ አንድም አላስታውስም። የማስታውሰው ሴቲቱ በየስንኙ መጨረሻ ድምጿ ማዶ ደርሶ መልስ እስኪመጣላት ዝም ትል እንደነበር ነው። ማዶ ያሉትም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ያ ጥበቃ የዜማው አካል ሆኖ ነበር፤ ሌላ ቦታ፣ አንድ ድንኳን ውስጥ የሚወርድ ሙሾ እንዲህ አይተነፍስም። ወረቀት ላይ ግጥሙን ብቻ ብትጽፉት ይህ ይጠፋል። ወንዙ ዜማውን ራሱ ሠርቶት ነበር እላችኋለሁ፤ ማጋነን ካላላችሁት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «ዓባይ ጉደል» ያለው ሰው የትኛውን ዓባይ ነው የተናገረው? ከደጀን በረሃውን ቁልቁል ወርዶ የሚሻገር ነጋዴ ሊሆን ይችላል። የሰከላ ወይም የሜጫ ጎረምሳም ሊሆን ይችላል። እኔ የኛ ነው ባይ ነኝ፤ የደጀን ሰው ደግሞ የኛ ነው ይላል፤ ሁለታችንም ማስረጃ የለንም። ግጥሟ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከአዝማሪ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ስትተላለፍ ማን እንዳላት፣ የት ቆሞ እንዳላት፣ ከፊትና ከኋላዋ ምን ስንኝ እንደነበር አብሮ የሄደ ነገር የለም። ሁለት ስንኝ ብቻ ቀረች። ምናልባት ሃያ ስንኝ ነበረች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀረጻ ቡድን ቀበሌያችን መጥቶ ነበር፤ የማን እንደሆነ መናገሩ ለማንም አይጠቅምም። ሴቶቹን አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስ አልብሶ ድልድዩ አጠገብ አሰለፋቸው። «እስቲ ስለ ዓባይ አንድ ነገር በሉልን» ተባለ። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ አንድ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው የመሻገሪያውን ዜማ ጀመሩ። ገና ሁለት ስንኝ እንዳሉ ቀራጩ ልጅ አስቆማቸው። «እማማ፣ ይሄ ያሳዝናል፤ የግድቡን አያውቁም?» አላቸው። «ግድቡንማ መቼ አየሁት ልጄ» አሉት። ሳቅ ሆነ። ወጣቶቹ የሬዲዮውን ዘፈን አሉና እሱ ተቀረጸ። በበዓል ቀን ሲተላለፍ አየነው፤ ድምፁ የኛ ልጆች ነው፣ ምስሉ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ። ድልድያችን እንኳ አልገባም።

ልጁን አልወቅሰውም፤ የተላከው ለዚያ ነው። ላኪው ግን «ስለ ዓባይ» ሲል አንድ ዓባይ ብቻ እንዳለ አድርጎ ነው ያሰበው። ባልቴቷ አሁን በሕይወት የሉም፤ የጀመሩትን ዜማ ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ስፈልግ እስካሁን አላገኘሁም።

ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል የሚለውን ወግ ሁላችንም በልጅነት ሰምተነዋል። ግልገሉ በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ይገባል፤ ትልቁ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል። ነሐሴ ላይ ቀዩ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን ሳይለቅ ሲዘረጋ ያየ የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ወጉን ቢያምን አይፈረድበትም። የውሃ መሐንዲሶች ግን አይቀበሉትም። ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ሐይቅ ውስጥ ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ ጋር ይዋሐዳል፤ ከፊሉም ተንኖ ሰማይ ይወጣል። የሐይቁን ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት እነዚህ አራቱ ሲሆኑ ትልቁ የኛው ነው። ለኔ ሳይንሱም ወጉም ይመቸኛል። ግን ልብ በሉ፤ በወጉ ትንሹ ወንዝ ሐይቁን ሰንጥቆ ራሱን ሆኖ ይወጣል፣ በዘፈናችን ግን ገብቶ ቀርቷል።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ለዘፋኞችም አንድ ቃል ልጣል። ከቻግኒ የወጣችው እጅጋየሁ ሽባባው ዓባይን ስታዜመው ሰው ልቡን የሰጣት ያደገችበትን ዜማ ይዛ ስለመጣች ይመስለኛል። እናንተም ስትዘፍኑ እንደዚያው ወደ ቤታችሁ ጎራ በሉ። ድሮን የምታስነሱት ሁልጊዜ ፏፏቴው ላይ ወይም ግድቡ ላይ ነው። አንድ ቀን ወተት ዓባይ ውረዱና ድንጋይ ላይ ልብስ የሚወቅጡትን ሴቶች፣ ዋሽንት የሚነፋውን እረኛ፣ ለበዓል ቄጠማ የሚያጭዱትን ልጆች እዩ። «ዓባይ ዓባይ» እያላችሁ አሥራ ምናምን ጊዜ ከምትደጋግሙት አንድ የመልካ ስም ብትጠሩ ይበልጣል።

ስለ ወንዙ ባህል ስናወራ ወንዙ ራሱ አለ ወይ ማለትም ይገባል። ጣና ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከነሱ የተወሰኑት ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ሌሎቹ ገባሮች ሽቅብ ይዋኛሉ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ግሽ ሊሳለሙ ነው» ይሉን ነበር። ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በትኖ ዓሣ ማፍዘዝም የአካባቢው የቆየ ዘዴ ነው፤ ይኸኛው ባህል እንኳ ቢቀር አላለቅስለትም። በጋ ላይ ደግሞ የፓምፑ ድምፅ ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር በየዳሩ ተደርድሮ ለሽንኩርትና ለጫት ይጎትታል። ገባሩ ቆጋ መራዊ አጠገብ ተገድቦ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ታስቧል፤ የተጠቀመ ገበሬ ብዙ ነው፣ ደግ ነው። ባሕር ዛፉ ግን እስከ ወንዙ ከንፈር ወርዷል። ዳሩ ታርሶ አፈሩ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ወንዙ ጣና በሚገባበት አፍ ላይ ደለሉ እየተከመረ መሬት ሆኖ ሐይቁን ይገፋል። ሚያዝያ ላይ በላይኛው ክፍል ልጆች ጫማቸውን ሳያወልቁ በድንጋይ ላይ እየዘለሉ ይሻገራሉ። በዚህ ከቀጠለ የልጅ ልጆቻችን «ዓባይ ጉደል» ብሎ የሚለምን ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ ላይገባቸው ይችላል።

ይህ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የውሃና የግብርና ሰዎች ነው፤ ለነሱም በግልባጭ አድርሻለሁ። ከእናንተ የምፈልገው ሌላ ነው።

ሐውልት አልጠየቅሁም፤ እባካችሁ ሐውልት አታቁሙ። ግሽ ላይ ምንጩን በሲሚንቶ አስጊጣለሁ የሚል ሰው ቢመጣም ሐሳቡን እንዲተው ንገሩልኝ፤ ውሃውን የሚያኖረው ረግረጉና ሣሩ ነው። የምፈልገው ሰው እንድትልኩ ነው። መቅረጫ የያዘ፣ የጎጃምን አነጋገር የሚሰማ፣ ወደ አዊ ጠጋ ባለው በኩል ደግሞ አገውኛ የሚያውቅ፣ ከሁሉም በላይ ዝም ብሎ ማዳመጥ የሚችል ሰው። ከሰከላ ይጀምር፤ ወንዙን ተከትሎ እስከ ጣና ይውረድ። በየመልካው ይቁም። መልካው ሁሉ ስም አለው፤ በሰጠመበት ሰው ስም የሚጠራም አለ፣ ታሪኩን የሚያውቁ ደግሞ እየቀነሱ ነው። ግጥሙ ሲጻፍ ማን እንዳለው፣ ከማን እንደሰማው፣ በየትኛው ወር እንደሚባል፣ የት ተቁሞ እንደሚባል አብሮ ይጻፍ። የሠርጉ፣ የደቦው፣ የእረኛው፣ በከተራ ታቦት ወደ ወንዙ ሲወርድ የሚባለው ሁሉ ይያዝ። ሙሾው በተለይ ይያዝ። እናቶቻችን «በቀትር ወንዝ አትውረዱ» እያሉ የሚያስፈራሩበት ወግም ይግባ፤ ከወንዙ ውስጥ ማን እንደሚኖር የሚነግሩን በዚያ ነበር። ስድቡም አይቅር። ሰው የሚሰድበውን ወንዝ በቅርብ ያውቀዋል።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በቋንቋና በፎክሎር የሚያስተምራቸው ልጆች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ግማሾቹ የዚሁ አካባቢ ልጆች ናቸው፤ አያቶቻቸው ቤት አድረው ሊሠሩት ይችላሉ። አንድ ወንዝ፣ ሁለት ዳር፣ ብዙ ርዕስ። ከእናንተ የሚፈለገው የትብብር ደብዳቤ፣ መቅረጫ፣ ትንሽ አበልና ቅጂው የሚቀመጥበት፣ ሰው ገብቶ ሊሰማው የሚችል ክፍል ነው። ልጆቹን ግን ከታኅሣሥ በፊት አትላኳቸው፤ የወዲህን ዳር ብቻ ይዘው ይመለሳሉ።

የጸጥታው ነገር ይህን ሁሉ እንደሚያከብደው አውቃለሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ አካባቢው ያለበትን ሁኔታ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። መንገዱ እስኪሰላ ድረስ በየትምህርት ቤቱ ያለን መምህራን በስልካችን የምንቀርጸውን የሚሰበስብ አንድ ሰው ብትመድቡ ይበቃናል። አዛውንቶቹ ሰላም እስኪወርድ ቆመው አይጠብቁንም።

ሌላው ጥያቄዬ ቀላል ነው። ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ ለሚመጣ ሾፌር ከሩቅ የሚነበብ ታፔላ ይቁም። «ግልገል ዓባይ፣ ከግሽ ወደ ጣና» ቢል በቂ ነው። የወንዜ ልጅ እያለ የሚጠራራ ሕዝብ ወንዙን በስሙ አንብቦ ቢያልፍ ክፋት የለውም። የስፖንሰር አርማ ባይበዛበት ደስ ይለኛል። ስለ ዓባይ ዝግጅት ስታሰናዱም ባሕር ዳር ላይ ብቻ አትጀምሩት፤ አንዱን ቀን ለሰከላ ስጡ፣ መድረኩንም ለአካባቢው ሰው ልቀቁለት፣ ቀሚስ ሳትመርጡለት። ቁርስ ግን አታዘጋጁ።

በበኩሌ ተማሪዎቼ ባለፉት ዓመታት ከቤታቸው ጠይቀው ያመጡትን በደብተር ሰብስቤአለሁ። ከሬዲዮ የተቀዳውን ከወንዙ ለይቻለሁ፤ ከወንዙ ከሆነው አጠገብ የተናገረውን ሰው ቀበሌና የሚሻገርበትን መልካ ጽፌአለሁ። ቅጂውን በምትሉኝ ቀን ቢሮ ድረስ አመጣለሁ፣ የፎቶ ኮፒው ወጪ በእኔ። ዋናው እኔው ዘንድ ይቆይ፤ ልጆቹ በየዓመቱ ይጨምሩበታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሜጫ አማርኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለሰከላ፣ ለሰሜን ሜጫና ለደቡብ ሜጫ ወረዳዎች ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች
ለክልሉ የውሃና የግብርና ቢሮዎች
በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለቋንቋና ለፎክሎር መምህራን
ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የመዝናኛ ዝግጅት አዘጋጆች